ሽመና ክፍል ውስጥ ያለው ቤት

ውድ እታለም፣

ሰላምታውን ልዝለለው። ደህና ነሽ ወይ ብልሽ ደህና ነኝ ትይኛለሽ፤ ደህና ናችሁ ወይ ብትይኝ ደህና ነን እልሻለሁ። ስንት ዘመን በስልክ ስንዋሻሽ ከረምን። አሁን ግን ደህና አይደለንም። እማዬ እያለቀችብኝ ነው። በሽታው ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩልሽ ነበር፤ ዕረፍት አጥታ ነው የምታልቀው፣ ያንን ዕረፍት ደግሞ ከአንቺ በቀር የሚሰጣት ሰው የለም። ስለዚህ ነይ። ደብዳቤው ይረዝማል፣ ጉዳዩ ግን ይኼው ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። አንቺው ነሻ! "እማዬን ላቅርብልሽ" ባልኩ ቁጥር ኔትወርኩ ይጠፋል። እንዴት ያለ ጉደኛ ኔትወርክ እንደሆነ እንጃ፣ የሷን ስም ሲሰማ ነው የሚቋረጠው። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ቀደሽ ብትጥይውም ቢያንስ አንዴ ታነቢዋለሽ።

ቤት መቀየሬን ነግሬሻለሁ፤ የት እንደሆነ ግን አድበስብሼ ነው ያለፍኩት። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ፋብሪካው ውስጥ ነን። አዎ፣ ያው ፋብሪካ። ሽመና ክፍልን ከፋፍለው አፓርታማ አደረጉት፣ እኔም ሄጄ ተከራየሁ። አትጩሂብኝ! እማዬን ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት አፏም ከተያዘ በኋላ የድሮው ቤት ደረጃ ገደል ሆነብን፤ መጸዳጃ ቤት ባስፈለጋት ቁጥር ተሸክሜያት መውረድ ነበረብኝ፣ ወገቤ ሊቆረጥ። እዚህ ሊፍት አለ። መጸዳጃውም እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ደግሞ ዕድሜዋን የጨረሰችበት ቦታ ነው፣ መስኮቱን ስታይ ደስ ይላታል ብዬ አሰብኩ። አስተማሪ አይደለሁ፣ ለሰው ሁሉ የሚበጀውን እኔ ነኛ የማውቀው!

ብታዪው አታውቂውም። መግቢያው ላይ "ታሪክ ውስጥ ይኑሩ!" የሚል ሰሌዳ ሰቅለዋል። እነዚያን ረጃጅም መስኮቶች መሐል ለመሐል ወለል አስገብተውባቸው የታችኛው ግማሽ ለኔ፣ የላይኛው ግማሽ ለላይ ጎረቤቶቼ ደርሷል፤ ባልና ሚስቱ ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው በመስኮቱና በወለሉ መሐል ባለው ስንጥቅ አልፎ እኔ ጋ ይመጣል። የብረት ምሰሶዎቹን አልነኳቸውም፣ ነጭ ቀብተው ለጌጥ ተዋቸው። አንዱ መኝታ ቤታችን ውስጥ ነው፣ አንዱ ኩሽናዬ ውስጥ። ሊፍቱ አጠገብ አንድ የሽመና ማሽን ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ ላዩ ላይ አበባ አስቀምጠው፣ መብራት አብርተውበታል። ሰው ፎቶ ይነሣበታል። እማዬን በተሽከርካሪ ወንበሯ እየገፋሁ ሳስገባት በደህናው እጇ ከላዩ አቧራ ጠረገች። እኔ ቂሏ ደስ አለኝ። "አየሻት እማዬ፣ ጓደኛሽን!" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ጣጣው የጀመረው በማግስቱ ጠዋት ነው። የሕንፃው ግማሽ፣ በፈትል ክፍሉ በኩል ያለው፣ ገና እየተሠራ ነው። ሠራተኞቹ እንደገቡ የኮንክሪት መስበሪያውን ያስነሡታል፤ ምሳ እንኳ በየተራ እየበሉ እስኪወጡ አያጠፉትም። ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። ትምህርት ቤት ለመሄድ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። እማዬ አልጋዋ ላይ ተነሥታ ተቀመጠች። ያንን እንቢ ያላትን ቀኝ እጇን በግራዋ አንጠልጥላ አወጣችው፣ ከራሷ በላይ ሁለቱን አጣመረቻቸውና እንደዚያው ቀረች። የታመመው ይወድቃል፣ ታነሣዋለች። ይወድቃል፣ ታነሣዋለች። ዓይኗ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ አይነቀልም።

"ምን ሆንሽ እማዬ? አመመሽ? መስኮት ልዝጋ? ውሃ ላምጣ?" ወይ ፍንክች! መጀመሪያ ጸሎት መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ ሐኪሙ እጇን ታንቀሳቅስ ብሎ ስለነበር ስፖርት መሰለኝ። "ጎበዝ እማዬ! በርቺ!" ብዬ አጨበጨብኩላት። እታለም፣ አጨበጨብኩላት!

ሠራተኞቹ ሲወጡ እጇን አወረደች። በነጋታው መስበሪያው ሲነሣ እንደገና ጀመረች፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። ሳበላት ዓይኗ ማንኪያውን አያይም። ትከሻዋ አበጠ፣ ፊቷ መንምኖ አጥንቷ ቀረ። እኔ ኩሽና ገብቼ ዕቃ ሳጥብ ደግሞ ጭራሽ ይብስባታል፣ አልጋው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ መጥቶ አያትና "ልቧ ደክሟል። ማረፍ አለባት፤ ካላረፈች ብዙ አንቆይም" አለኝ። አንቆይም ይላል እንዴ! እሱ የት ሊሄድ ነው? ልጮህበት ነበር፣ ግን ደጉ ሰውዬ ዓይኑን ሰብሮ ቦርሳውን ሲዘጋ ሳየው ሆድ ባሰኝ።

እትዬ ጡሩምባን ታስታውሻታለሽ አይደል? ከናንተ ኋላ ባለው ተራ የነበረችው፣ የማሽን ጩኸት ጆሮዋን በልቶት ሹክሹክታዋ እንኳ ሰፈር የሚቀሰቅሰው። አሁን የዚህ ሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ናት። "ድሮ ወለሉን እንዳይ እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም፣ አሁን እሱን ብቻ እይ አሉኝ" ትላለች። አንድ ቀን ኮሪደሩን ስትወለውል በራችን ክፍት ነበር። አልጋው ላይ እማዬን አየቻት። መወልወያውን ለቀቀችው።

"አንቺ ልጅ! እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ቆየች?"

"እዚህ ከገባን ጀምሮ ነው። ምንድን ነው እሱ?"

"ምንድን ነው ትለኛለች እንዴ! አቁሙ እያለች ነዋ! ማሽን አቁሙ፣ ሰው ተይዟል እያለች ነው!"

አዳራሹን እኔ ገብቼበት አላውቅም፣ የናንተ የሁለታችሁ ዓለም ነበር። እዚያ ውስጥ አፍ ዋጋ እንደሌለው፣ በእጅና በከንፈር እንደምታወሩ ግን አውቃለሁ። ቤት ስትመጡም እኔን ለማማት ስትፈልጉ እጃችሁ ሥራ ይጀምራል፤ እናንተ ትስቃላችሁ፣ እኔ አኮርፋለሁ። እጃችሁ ሲያወራ ስታምሩ! ይኼኛውን ምልክት ግን አንዳችሁም ቤት ይዛችሁት አልመጣችሁም።

ማሽኑ ጣቶችሽን የበላብሽ ቀን ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ሰው ነግሮኝ አያውቅም። አንቺ ሻንጣሽን ስትዘጊ ያልሽኝ ይኼ ብቻ ነው፦ "ማሽን ሲበላኝ ቆማ አየችኝ። ንቅንቅ አላለችም።" ከዚያ በሩን ወርውረሽ ሄድሽ። እሷም አንድ ቀን ራሷን ተከላክላ አታውቅም። ስለዚህ እኔም አመንኩሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስንት ዓመት አብሬያት ስበላ ስጠጣ፣ ሆዴ ውስጥ ያቺን ነገር እንደያዝኩባት ነው።

እትዬ ጡሩምባ ባልዲዋን ገልብጣ ተቀመጠችበት። "ስሚ" አለችኝ። "ያኔ ማሽኖቹ በየራሳቸው አይጠፉም ነበር። ተራው በሙሉ የሚቆመው አዳራሹ ጫፍ ካለው ማብሪያ ነው። ማብሪያው ጋ ያለው ሰውዬ የተጣመረ እጅ ካየ ያጠፋዋል። ምልክት የሰጠች ሴት ደግሞ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም! ከተነቃነቀች ማሽኑ ይጋርዳታል፣ ሰውዬው ያጣታል፣ በቃ ያ ሰው አለቀለት። ይኼ ሕጋችን ነው፣ ሥራ በገባን ቀን የሚያስጠኑን። እናትሽ ያደረገችው ያንን ነው። ሰውዬው ፊቱን አዙሮ ነበራ! እሷ እጇን አጣምራ ቆማ፣ አንዴ እሱን ታያለች፣ አንዴ ልጇን ታያለች። እስኪዞር ድረስ። እኔ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገረቻትም?"

ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ ሞከረች፣ አልቻለችም፣ ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ። "እኔም ያኔ ጠይቄያታለሁ። 'ብሮጥ ኖሮስ?' አለችኝ። ሌላ ቃል አልወጣትም።"

እታለም፣ አንቺ ቀና ስትይ ማሽኑ ቆሟል፣ የሷም እጅ ወርዷል። ያየሽው ልክ ነው፣ ቆማ ነበር። የቆመችው ግን ላንቺ ነበር። እባክሽ ይኼን እንደገና አንብቢው። እኔ እትዬ ጡሩምባን ደጋግሜ አስነግሬያታለሁ፤ በመጨረሻ "ደንቆሮዋ እኔ ነኝ አንቺ?" ብላ ተቆጣችኝ።

ከዚያ ተነሥታ ምሰሶዎቹን እየቆጠረች የማን ማሽን የት እንደነበረ አሳየችኝ። የእማዬ አልጋ የተደገፈበት ምሰሶ የሷ ማሽን የነበረበት ነው። ያንቺ ማሽን የነበረበት ደግሞ ኩሽናዬ ነው፣ ዕቃ ማጠቢያው ያለበት። በሩ ክፍት ሲሆን ከአልጋዋ ላይ ቀጥ ብሎ ይታያል። ለካ እኔ ዘፈን እያንጎራጎርኩ ሳህን ሳጥብ፣ ጎንበስ ብዬ እጄን እዚያ ስከት፣ እሷ አንቺን ነው የምታየው።

ወደ ግንባታው ፎርማን ሮጥኩ። አቧራ ለብሶ ነጭ ሆኗል፣ ቅንድቡ ብቻ ነው የሚለየው። "ወንድሜ፣ አፈር ስሆን፣ መስበሪያውን አቁምልኝ፣ እናቴ እየሞተችብኝ ነው" አልኩት።

"እህቴ፣ እኔ ሥራውን ካቆምኩ እኔን ነው የሚያቆሙኝ።"

"በናትህ!"

"እናትማ እኔም ነበረችኝ" አለና ራሱን አከከ። "እሺ፣ ዛሬን ከምሳ በኋላ ልጆቹን ቀለም አስይዛቸዋለሁ። ለነገ ግን ቃል አልገባም።" እጁን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ከምሳ በኋላ እውነትም መስበሪያው ፀጥ አለ። ወለሉ ረጋ። እማዬ እጇን አወረደች። እሰይ! ተመስገን፣ አበቃ አልኩ። ትራሷን ላስተካክል ጎንበስ ስል ጮኸች። ከታመመች ጀምሮ አንድ ድምፅ ያልወጣት ሴትዮ፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ጆሮዬን በሁለት እጄ እስክይዝ ድረስ ጮኸች። ከአልጋው ተንከባላ ወደቀች። ላነሣት ስል ገፈተረችኝ፣ በአንድ ክርኗ ወለሉ ላይ እየተሳበች ወደ ኩሽናው ሄደች።

እትዬ ጡሩምባ እየሮጠች መጣች። "አስቆምሽባት? አንቺ እብድ፣ አስቆምሽባት? በፈረቃ መሐል አዳራሹ ፀጥ ካለ ሰው ተበልቷል ማለት ነው! ለሌላ ለምንም አይቆምም! ለዝናብ አይቆም፣ ለምሳ አይቆም!"

በባዶ እግሬ ደረጃውን ወረድኩ። "አስነሣው! ወንድሜ፣ አስነሣው!"

"ሴትዮ፣ ቁርጡን ንገሪኛ!" አለኝ ፎርማኑ የቀለም ብሩሹን እንደያዘ። "ላቁም ወይስ ላስነሣ?" ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም የሳቅኩ ይመስለኛል። ከዚያ እዚያው አሸዋው ክምር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ምን ልበለው? ድምፁ ካለ ልጇ ልትያዝ ነው፣ ድምፁ ከሌለ ተይዛለች። በየትኛው ላሳርፋት? ሰውዬው ሳቁን ተወና ሄዶ አስነሣው።

ስመለስ ማጠቢያው ሥር ወለሉ ላይ ናት፣ እትዬ ጡሩምባ ከኋላዋ ደግፋታለች። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። እጆቼን ያዘቻቸው። ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካካቻቸው፤ ይኼን ዳሰሰች፣ ይኼን ዳሰሰች፣ አገላብጣ አየቻቸው። ሁሉም አሉ። ከዚያ በዚያ በግማሽ አፏ ፈገግ አለች። እንዲያ ያለ ፈገግታዋን ከልጅነታችን ወዲህ አላየሁትም። ሁለቱንም እጆቼን ደረቷ ላይ አጣብቃ እጥፍ አለችባቸው። ለሷ አደጋው ገና አልደረሰም፣ ገባሽ? እጅሽ ገና ሙሉ ነው። ቀድማ ደርሳለች። ከያዘቻቸው፣ ካልለቀቀቻቸው፣ ማሽኑ አያገኛቸውም።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ሚጣ ነኝ" አልኳት። አልሰማችኝም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ኑሯችን ይኼው ነው። ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ቀርቻለሁ። እጄን ከያዘች ምልክቱን አትሰጥም፣ ከነጠቅኳት እንደገና ትጀምራለች። ይኼን የምጽፍልሽም በአንድ እጄ ነው፣ ግራዬ እሷ ጋ ነው፤ መስመሬ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ። ትንሽ ሸለብ ያደርጋትና ብንን ትላለች፣ ጣቶቼን ቆጥራ ነው የምትመለሰው። እንቅልፍ ነው ይኼ? ልናወጣት ሞክረን ነበር፤ እትዬ ጡሩምባ ቤቷ ልትወስደን መኪና አቁማ፣ ፎርማኑ ራሱ ሊሸከማት መጥቶ። ያንን ምሰሶ በደህናው እጇ ጥምጥም ብላ ያዘችው። እንቢ አሻፈረኝ። አጥንቷን እንዳንሰብረው ፈርተን ተውናት።

እትዬ ጡሩምባን "ደህና ነው፣ አበቃ" የሚለውን ምልክት አስተምሪኝ አልኳት። መዳፍ ከፍቶ ደረት ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ወደ ውጭ መዘርጋት ነው፤ አንቺ መቼም ታውቂዋለሽ። መስታወት ፊት ስለማመድ ዋልኩና አደረግኩላት። እያየችኝ እንኳ አላየችኝም። "ያንን የምታሳየው የተያዘችው ራሷ ናት" አለች እትዬ ጡሩምባ። "ሰውዬው ማሽኑን መልሶ የሚያስነሣው የተያዘችው ደህና ነኝ ካለች ነው። ሌላ ሰው ቢያሳይ ማን ያምናል?" ይኸውልሽ። አንቺ ያንን ምልክት ሳትሰጪ ነው በቃሬዛ የወጣሽው። ከዚያም ከሆስፒታል፣ ከዚያም ከቤት። እማዬ እስከ ዛሬ እየጠበቀች ነው።

አንድ የተጣላንበት ነገር አለ። እትዬ ጡሩምባ "ጓንት አድርጋ ትምጣ፣ ጣቶቹን ጥጥ ሞልታ፤ አሮጊቷ በሰላም ትሂድበት" ትለኛለች። እኔ እንጃ። ባዶውን ቦታ ካየች እዚያው ቀጥ ትልብን ይሆን? ወይስ ጣቶቿ ቢሄዱም ልጄ ተርፋ፣ አድጋ፣ ሸብታ መጣችልኝ ብላ ታርፍ ይሆን? ሳሰላስለው ሳሰላስለው ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። አንቺ መንገድ ላይ ወስኚ። ጓንት አድርገሽም ነይ፣ ሳታደርጊም ነይ። ተቆጥተሽም ነይ፣ ከፈለግሽ እኔን ስትሰድቢ ትውያለሽ፣ ብቻ ነይ።

ሐኪሙ ዛሬም መጥቶ ነበር። ወንበር ሳይስብ፣ እንደቆመ፣ "የምትጠሪው ሰው ካለ ጥሪ" አለኝ። እኔ ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?

እያፈርኩም ቢሆን አንድ ነገር ልጨምር። ያጠብኳት፣ ያበላኋት፣ የተሸከምኳት እኔ ነኝ። እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ። እሷ ግን ዓይን ዓይኔን እያየች አንቺን ነው የምትሰናበተው። ጣቶቼን ስትስም ያንቺን ጣቶች ነው የምትስመው። እኔን የምታይበት ዓይን አልተረፋትም፤ እኔ ለሷ ያን ጊዜ ቤት የቀረሁት ሕፃን ነኝ፣ አዳራሹ ውስጥ የለሁም። ካልመጣሽ እጄን አልነጥቃትም። አንቺን ሆኜ እሸኛታለሁ፣ እስከ መጨረሻው "እታለም ነኝ" እላታለሁ፣ ትንፍሽ አልልም። ግን ሁለት ልጆች ወልዳ አንዷን ብቻ ተሰናብታ ትሄዳለች፣ ያቺም እዚህ የለችም። ነይና የራስሽን እጅ ስጫት። የኔን አስለቅቂልኝ። እኔም በራሴ ስም፣ እንደ ልጅ፣ እናቴን ላልቅሳት።

ታናሽሽ፣
ሚጣ